ጥሏት የሄደው አውቶብስ

አውቶብሱ ጥሏት ሄደ።

ኦዴሳ እጇን እያውለበለበች ሃያ እርምጃ ያህል ተከትላው ሮጠች። ሾፌሩ አላየኝም እንዳትል አይቷታል። በቀኝ በኩል ባለው ስፖኪዮ ውስጥ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ ፂሙ ገብስማ የሆነ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው ነው። መዳፉን ከፍ አድርጎ አሳያትና አረንጓዴውን መብራት ተሻግሮ ዛፎቹ መሃል ገብቶ ጠፋ።

«ደህና ዋይ ማለቱ ነው?» አለች እያለከለከች። የሚመልስላት ሰው ስላልነበረ ፌርማታው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ አለች። ስትነሳ ሱሪዋ ቢጫ ሆኗል። በአትላንታ መጋቢት ላይ የጥድ ብናኝ ያላለበሰው ነገር የለም፤ መኪናውም፣ ወንበሩም፣ ውሻውም ቢጫ ነው።

ከእናቷ ፈተና ነበር የተሰጣት፤ እሷ ግን የተፈተነው ሾፌሩ ነው ብላ ታስባለች። ሕጉ ቀላል ነው። ከፌርማታው ራቅ ብላ ትቆማለች፤ አውቶብሱ መጥቶ ሲቆም መሮጥ ትጀምራለች፤ ሾፌሩ ይጠብቃት እንደሆነ ታያለች። በትክክል መሮጥ በነበረባት ሰዓት ግን የአክስቷ ልጅ ብራያ የላከችላትን ቪዲዮ እያየች ነበር። ብራያ እዚሁ አትላንታ በትምህርት ቤቷ የከበሮ ቡድን ውስጥ ትመታለች፤ ቪዲዮው ላይ አሥራ ሁለት ከበሮ መቺዎች ባንድ ትንፋሽ ሲመቱ ይታያል። ኦዴሳ ቀና ስትል አውቶብሱ ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አላቆ ወደ መንገዱ ገብቷል።

ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሩን አወጣች። በግራ ገጽ «አትላንታ»፣ በቀኝ ገጽ «ሂውስተን» ተብሎ በእናቷ እጅ ተጽፏል። «የሚሮጥ ሰው ይጠብቃሉ?» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። እርሳሱን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «ጠበቀኝ» ብላ ጻፈች፤ የአውቶብሱንም የጎን ቁጥር ከሥሩ አሰፈረች፤ 1482። ቁጥሩን ያለማስፈር አይቻልም። እናቷ «ቁጥር የሌለው ወሬ ሐሜት ነው» ትላለች።

እናቷ ቨርሊን ታብስ በሚሲሲፒዋ ጃክሰን ከተማ ለአሥራ ሰባት ዓመት አውቶብስ ነድታለች። ተሳፋሪው ሁሉ «ሚስ ቨርሊን» ይላታል፤ ስሟን የማያውቅ ውሻ እንኳ አለ ለማለት ይከብዳል። አሁን መንዳት ሳይሆን ማስተማር ነው የምትፈልገው፤ አዲስ ሾፌር ማሰልጠን። ጃክሰን እንዲህ ያለ ቦታ የላትም። አትላንታና ሂውስተን ግን ሁለቱም ጠርተዋታል፤ ሁለቱም ሰኞ ጠዋት መልስ ይጠብቃሉ። ለዚህ ነው በትምህርት ቤት እረፍቱ እናትና ልጅ አሮጌዋን መኪናቸውን አስነስተው መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ምዕራብ ሊነዱ የተነሱት። ጃክሰን ከሁለቱም ስድስት ሰዓት ያህል ትርቃለች።

«ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለት ድምፅ አለን» ብላት ነበር ቨርሊን ሲነሱ። «ካልተስማማን ደብተሩ ይፈርዳል።»

ኦዴሳ ደግሞ ድምፅዋን ከቤት ሳትወጣ ሰጥታ ጨርሳለች። ሂውስተን ውስጥ የምታውቀው ሰው የለም። አትላንታ ውስጥ ብራያ አለች፤ ከበሮው አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከጃክሰን ወጥታ የማታውቅ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትጠይቃለች?

ከተማዋም ብትሆን የተወደደችው በከንቱ አልነበረም። ትናንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሲሄዱ ኦዴሳ ከመስኮቱ ዓይኗን አልነቀለችም። አትላንታ ጫካ ውስጥ የተደበቀች ከተማ ናት፤ ፎቆቹ ከዛፍ በላይ ብቅ ይላሉ፣ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ይወጣል፣ ፒችትሪ የሚባል ጎዳና አልፈው ሳይጨርሱ ሌላ ፒችትሪ ይገጥማቸዋል። ተሳፋሪው ሲወርድ «አመሰግናለሁ ሾፌር» ይላል፤ ኦዴሳ አርባ አንድ ጊዜ ቆጥራለች። ቨርሊን ከበሩ አጠገብ ባለችው የመጀመሪያ ወንበር ተቀምጣ እንደ ልጅ ፈገግ ትል ነበር። በተሳፋሪ ወንበርም ላይ ሆና ቀኝ እግሯ አያርፍም፤ ቀይ መብራት በታየ ቁጥር ወለሉን ትረግጣለች።

ቨርሊን ከቃለ መጠይቁ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። የክት ጫማዋን በእጇ ይዛ በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው።

«እንዴት ነበር?» አለቻት ኦዴሳ።

«ሰዎቹን ወደድኳቸው። የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው። ያንቺስ ሾፌር ጠበቀሽ?»

እዚህ ላይ «አዎ» ብላ ብትተው ምንም አልነበረ። ኦዴሳ ግን ነገሩን ማሳመር ፈለገች።

«ሰማሽ እማዬ፣ ከፌርማታው ወጥቶ ነበር እኮ! መንገድ መሃል ከገባ በኋላ ነው ስሮጥ ያየኝ። እዚያው መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመና በሩን ከፈተልኝ። ከኋላው መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን ሲያንባርቅበት ዞር ብሎም አላየ።»

ቨርሊን ጫማዋን መኪናው ውስጥ ልታስቀምጥ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና አለች።

«መሃል መንገድ ላይ?»

«አዎ እማዬ።»

«በሩን ከፈተ?»

«አንድ ፌርማታ ሄጄ ወረድኩ።»

«እሺ» አለች ቨርሊን። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አስቀመጠች። ኦዴሳ የእናቷ ልብ የተነካ መሰላት። ለብራያ «አለቀ፣ መጣሁልሽ» ብላ መልእክት ላከች።

ሐሙስ ሂውስተን ገቡ። ኦዴሳ ከተማዋን ላለመውደድ ቆርጣ ነው የገባችው፤ ለአንድ ሰዓት ያህልም ተሳክቶላታል። ሜዳ ነው፣ ሙቀት ነው፣ አውራ ጎዳናው በጎንም በላይም ተደራርቦ ሰማዩን ይጋርዳል። «እዚህ አገር ሰው በእግሩ ይሄዳል?» ብላ ተሳለቀች። ቨርሊን «እግር ያለው ይሄዳል» አለቻት።

ከዚያ አውቶብስ ላይ ወጡ።

ሾፌሯ ወፍራም፣ ጥፍሯን ወይን ጠጅ የተቀባች ሴት ነበረች። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ የበርበሬ ችግኝ በሁለት ባልዲ ይዘው ቆመዋል። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሾፌሯ አውቶብሱን በበሩ በኩል እንደ ግመል ዝቅ አደረገችላቸው። ሰውዬው ሲገቡ አንዱን ችግኝ አንስተው ከመሪው አጠገብ አኖሩላት። «ባለፈው የሰጡኝ አፈራ» አለቻቸው። ቀጥሎ ሦስት ተማሪዎች በስፓኒሽ እየተጨቃጨቁ ገቡ፣ አንዲት ነርስ ቆማ እያንቀላፋች ተሳፈረች፣ አንድ ጎረምሳ ሳይጠየቅ ቦታውን ለቀቀላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱን ከግራና ቀኝ እየሸፈኑ የተጋጠሙት ትልልቅ የዋርካ ዓይነት ዛፎች ሥር ሲያልፉ አውቶብሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ ፀጥ አለ። ኦዴሳ ስልኳን ማየት ረስታ ነበር። ይህንን ለብራያ አልነገረቻትም።

ማታ እራት የበሉበት ቤት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ በቅመም የተቀቀለ ክሮፊሽ የሚሉት ጭራ ያለው የወንዝ ሸርጣን ተዘረገፈላቸው። ከማያውቁት ቤተሰብ ጋር ነው ያስቀመጧቸው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የዚያ ቤተሰብ አያት ኦዴሳን «አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላቱን ትተሽ ጭራውን ብቻ ነው እንዴ የምትበዪው? ማን ነው ያሳደገሽ?» እያሉ ይቆጧታል፤ ቨርሊን በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች። ኦዴሳ እናቷ እንዲህ ስትስቅ ካየች ቆይታለች።

በማግስቱ የሩጫው ፈተና ቀረበ። በዚህኛው ቨርሊን አውቶብሱ ውስጥ ቀድማ ገብታ ነበር። ኦዴሳ በሰዓቱ ሮጠች። ተሳፋሪው ገብቶ አልቋል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ጎማው ግን አልተንቀሳቀሰም። ሾፌሯ በስፖኪዮው አየቻትና በሩን መልሳ ከፈተች። ያቺው የትናንቷ ሴት ናት።

«ቤቢ፣ እንዲህ አትሩጪ» አለቻት። «ያላንቺ የት እሄዳለሁ?»

ኦዴሳ በቀኝ ገጽ «ጠበቀችኝ» ብላ ጻፈች። ሁለቱ ገጾች ላይ ያሉት ቃላት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ግን እጇን ከበዳት።

ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመለሱ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ረግረጉን የሚያቋርጠው ረጅም ድልድይ ላይ፣ ቨርሊን ድንገት ተናገረች።

«ሂውስተን ይመስለኛል።»

ኦዴሳ ወደ እናቷ ዞረች። «እንዴ! ለምን? ሰዎቹን ወደድኳቸው ብለሽ አልነበር? ደግሞ ሾፌሩ መሃል መንገድ ላይ አቁሞ...»

«ለዚያ ነው።»

ኦዴሳ አልገባትም። ቨርሊን ሁለቱንም እጆቿን መሪው ላይ አደረገች።

«ጎማው ከጠርዙ ከለቀቀ በሩ አይከፈትም» አለች። «የሚሮጠው እናትሽ ብትሆን አይከፈትም። ይህን የመጀመሪያ ቀን ነው የሚያስተምሩሽ። እኔ ግን የመጀመሪያው ዓመቴ ላይ ከፈትኩ። ዝናብ ነበር። አንድ ልጅ፣ አሁን ያለሽበት ዕድሜ ላይ ያለ፣ ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ይሮጣል። አሳዘነኝ። መንገዱ ላይ አቆምኩና ከፈትኩለት። በእኔና በጠርዙ መሃል ክፍተት አለ፤ በዚያች ክፍተት ሞተር ሳይክል መጣ።»

«ልጁ ሞተ?»

«አልሞተም። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ አልፎ አልፎ በኔ አውቶብስ ይሳፈራል። ሰላም ይለኛል። ደግ ነኝ ብዬ ነው ያደረግኩት፣ ዴሳ። ማስተማር የምፈልገው ለዚህ ነው። ደግነት ብቻውን መንጃ ፈቃድ አይሆንም።»

ኦዴሳ እናቷን ከጎን አየቻት። አሥራ አራት ዓመት አብራት ስትኖር ይህን ነገር ሰምታው አታውቅም። ቤታቸው ማቀዝቀዣው ላይ ሁለት ደብዳቤ ተለጥፏል፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ተሳፋሪ ስለ ቨርሊን የጻፋቸው ሁለት ምስጋናዎች። ሰው ለመውቀስ ካልሆነ ስልክ አያነሳም። ያንን ልጅ የሚመለከት ወረቀት ግን ማቀዝቀዣው ላይ የለም፤ የያዘችው ልቧ ውስጥ ነው። ኦዴሳ እናቷን በዚያች ሰዓት ከምንጊዜውም በላይ ወደደቻት፤ እዚያው ላይ ደግሞ አፈረች።

«ሰኞ አትላንታ ስደውል የዚያን ሰውዬ ነገር ሳልነግራቸው አላልፍም» አለች ቨርሊን። «በሾፌር ላይ ተናግሬ አላውቅም። ግን አንድ ቀን ልጅ ያስገድላል። ቁጥሩን ጽፈሻል አይደል?»

«1482» አለች ኦዴሳ። ዓይኗን ወደ ረግረጉ መለሰች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ውሸቱ ከአፏ ከወጣ ገና አራት ቀኑ ነው፤ አሁን ግን እሷ ልትደርስበት የማትችልበት ቦታ ላይ ቆሞ ያያታል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ ገብታ ለብራያ ደወለች። ነገሩን ሁሉ ነገረቻት።

«ቆይ ቆይ» አለች ብራያ። «ሰውዬው ሳይጠብቅሽ ሄደ፤ አንቺ ጠበቀኝ አልሽ፤ አሁን ስለጠበቀሽ ሊቀጣ ነው?»

«አዎ።»

«ፍሬንድ፣ እንዲህ ያለ ጣጣ ካንቺ በቀር የሚደርስበት ሰው የለም።»

«አትሳቂ። ምን ላድርግ?»

«እናትሽን አውቃታለሁ፤ ውሸት ካለች አለቀልሽ። ቁጥሩን ተሳስቻለሁ በያት። አንዱን ቁጥር ለውጪው። ሰውዬው ይተርፋል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ።»

አሪፍ ሐሳብ ነበር። ኦዴሳ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ላጲሱን አንስታ ስምንቱን አጠፋችና በቦታው ሦስት ጻፈች። 1432። ቁጥሯ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ እውነተኛ ትመስላለች። ደብተሩን ልትዘጋ ስትል ግን እጇ ቆመ። 1432 የሚባል አውቶብስስ ቢኖር? ካለ ደግሞ የሚነዳው ሰው አለ። ሴትም ትሁን ወንድ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራውን እየሠራ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ቢሮ ትፈለጋለህ ይባላል። ሦስቱን አጥፍታ ስምንቱን መለሰች። ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። እውነቱን ብትናገር አትላንታ ወደ ምርጫው ትመለሳለች። እናቷ «ሂውስተን» ያለችው በዚያ ሾፌር ምክንያት ነው። ታዲያ የምትናገረው ለሰውዬው ብላ ነው ወይስ ለከበሮው? ኦዴሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ይህን ራሷን ደጋግማ ጠየቀች። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ የሾፌሩ መዳፍ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቨርሊን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስልኩንና እርሳሱን አዘጋጅታ ተቀምጣለች። ሥራ ፈላጊ ሳትሆን ፈተና ላይ የምትቀመጥ ተማሪ ነው የምትመስለው፤ በስልክ ለሚያዋሯት ሰዎች ስትል የክት ሸሚዟን ለብሳለች። የኦዴሳ አያት አባባ ክሎቪስ ከጎረቤት ቤታቸው መጥተው በረንዳው ላይ አተር ይፈለፍላሉ። በመስኮቱ በኩል ድምፃቸው ይሰማል።

«አትላንታ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል፤ ሂውስተን ሰው በላብ ሟሙቶ ያልቃል» ይላሉ። «እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።»

«ጠይቀንዎት ነበር አባባ፤ 'እዚሁ ቅሩ' ነው ያሉን» አለች ቨርሊን።

«ታዲያ መልስ አይደለም እንዴ?»

ኦዴሳ ደብተሩን ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አኖረችው። በግራው ገጽ ላይ «ጠበቀኝ» የሚለው በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ከሥሩ «አልጠበቀኝም። የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ስልክ እያየሁ ነበር። ጎማው ከጠርዙ ለቆ ነበር። በሩን አልከፈተም» ይላል።

ቨርሊን አነበበች። እንደገና አነበበች። ከሳሳችው ወረቀት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይህቺስ?»

«ቁጥሩን ልቀይረው ነበር። ከዚያ ተውኩት።»

ቨርሊን ስልኩን ከፊቷ ገፋ አደረገች። ዝም አይነቅዝም የሚባለውን ኦዴሳ በዚያች ጠዋት ጠላችው፤ ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«አንድ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ነበር» አለች ቨርሊን በመጨረሻ።

«አዎ እማዬ። አውቃለሁ።»

«በእኔ አፍ። ሰው ላይ ተናግሮ በማያውቅ አፌ።»

«አውቃለሁ።» እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

«አትላንታን ፈልገሽ ነው?»

«ያኔ አዎ። አሁን... አላውቅም። ሂውስተንም ደስ ብሎኛል። እሱንም አልነገርኩሽም።»

ቨርሊን ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ድምፅዋ ተለወጠ፤ የሾፌር ድምፅ ሆነ።

«መብራቱ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ።»

«ፍሬቻ?»

«የግራውን አብርቷል።»

«አይቶሻል?»

«በስፖኪዮው። መዳፉን አሳየኝ፤ እንዲህ።» ኦዴሳ መዳፏን ከፍ አደረገች። «ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ከኋላው ሌላ አውቶብስ መጣ?»

ኦዴሳ አሰበች። «መጣ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አልተሳፈርኩም።»

ቨርሊን የራሷን መዳፍ በዝግታ አነሳች፤ ልክ እንደዚያ ሰው፣ ከትከሻዋ ብዙም ሳታልፍ። ኦዴሳ ያቺን እጅ ሺህ ጊዜ አይታታለች። ልጅ ሆና፣ ሞግዚት ስትታጣ፣ ከሾፌሯ ጀርባ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ከእናቷ ጋር በምትዞርበት ጊዜ፣ ያቺ እጅ ስንት ጊዜ ወደ ስፖኪዮው ከፍ ብላለች። «ቆይ፤ ከኋላዬ ሌላ አለልህ» ማለት ነው። ሁሌ የምታያት ግን ከውስጥ ሆና ነበር። ከውጭ፣ ከሚቀረው ሰው በኩል፣ አይታት አታውቅም።

«ደህና ሾፌር ነው» አለች ቨርሊን። «እኔ ብሆንም ጥዬሽ እሄድ ነበር።»

«አዎ እማዬ።»

«ድምፅሽን ግን ለዚህ ጊዜ ወስጄብሻለሁ። የምወስነው ብቻዬን ነው። አትላንታ ቢሆን ስለተናገርሽ አይደለም፤ ሂውስተን ቢሆንም ልቀጣሽ ብዬ አይደለም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

እውነትም ገብቷታል። ያማል፤ ግን ልክ ነው። ደረቷ ውስጥ ለስድስት ቀን ተጣብቆ የከረመው ነገር ላላ አለላት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ቨርሊን ስልኩን አንስታ ደወለች። ኦዴሳ የትኛውን ቁጥር እንደመታች ላለማየት ወደ በሩ ሄደች፤ ጆሮዋ ግን እዚያው ቀርቷል።

«ጤና ይስጥልኝ። ቨርሊን ታብስ ነኝ፣ ከጃክሰን። አዎ፣ ስለ ሥራው ነው። ግን ከዚያ በፊት ስለ አንድ ሾፌራችሁ የምነግራችሁ ነገር አለ።» ትንሽ አዳመጠች። «የለም፣ የለም፣ ቅሬታ አይደለም። ምስጋና ነው። ምስጋና የምትመዘግቡበት ቅጽ አላችሁ አይደል? እንግዲያው ይፈለግ፤ እጠብቃለሁ።»

ኦዴሳ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች።

«ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ» አለች ቨርሊን። «ልጄ ዘግይታ እየሮጠች ነበር። በሩን አልከፈተላትም። አዎ፣ አልከፈተላትም፤ እንደሱ ብለሽ ጻፊው። ቁጥሩ አንድ፣ አራት፣ ስምንት፣ ሁለት።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዳይሳሳቱ፣ ደገመችው። «አንድ። አራት። ስምንት። ሁለት። አመሰግናለሁ። እሺ፣ አሁን ወደ ሥራው እንምጣ...»

ኦዴሳ ወደ በረንዳው ወጣች። አባባ ክሎቪስ የአተር ሳህኑን ከጉልበታቸው ላይ ሳያነሱ ቀና አሉ።

«እህስ፣ የት ሆነ?»

«አልሰማሁም አባባ» አለች። በሩን ከኋላዋ ገጥማ ዘጋችና አተር ልትፈለፍል አጠገባቸው ተቀመጠች።